ወንድሟ ሲስቅ አፉን ትይዘዋለች

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ባልሽ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጃችሁ ጋር «ኧ ኳየት ፕሌስ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም (እ.ኤ.አ. 2018) ከፈተ። ድምፅ እየሰሙ የሚያድኑ ፍጡራን ምድርን ወርረዋል፤ አንድ ቤተሰብ በምልክት እያወራ፣ በባዶ እግሩ እየሄደ ለመትረፍ ይታገላል። ልጅሽ መሃል ላይ አለቀሰች፣ አባቷም አጠፋው። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን አትተኛም። ቤት ውስጥ ጫማ አታደርግም። ታናሽ ወንድሟ ጮክ ብሎ ሲስቅ አፉን ትይዘዋለች። አንቺ «ልጄን አስበረገገብኝ» ትያለሽ፤ እሱ «ፊልም እኮ ነው፣ ትረሳዋለች» ይላል። ተኳርፋችኋል።

እንደ ዋዛ ያለፍሽው አንድ ነገር ግን አለ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ውጊያው ደሴ ሲደርስ እናትሽ ቤት ጓዳ ውስጥ ተደብቃችሁ ነበር። ሕፃኑ እንዳያለቅስ ጡት እያጎረስሽ፣ እሷን «ትንፍሽ እንዳትዪ» ትያት ነበር። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው።

እህቴ፣ ልጅሽ በፊልሙ ውስጥ ያየችው ያንን ጓዳ ነው። ከባድ ፍርሃት ከነድምፁ፣ ከነሁኔታው አእምሮ ውስጥ ይቀመጣል። የሚመስለው ነገር ሲመጣ ሰውነት «ያው መጣ» ብሎ ይነሳል፤ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ወንድሟን ዝም የምታሰኘው ያኔ የሰጠሻትን ሥራ ዛሬም እየሠራች ስለሆነ ነው። አትቆጧት። አንቺም ያንን በማለትሽ አትጸጸቺ፤ ልጆችሽን ለማትረፍ ነው ያልሽው።

ከፊልሙ ይልቅ ያሳሰበኝ፣ ስለዚያ ጊዜ ቤታችሁ ውስጥ ተወርቶ አለማወቁ ነው። ትልልቆቹ ዝም ሲሉ ልጅ ነገሩ ገና ያላለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ አውሩላት። ሌሊት አይሁን። ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ አባቷም ባለበት ይሁን። «ያኔ እኔም ፈርቼ ነበር። ዝም በይ ያልኩሽ እንዳይሰሙን ነው። አሁን መሳቅም መጮህም ትችላላችሁ» በያት። ዳግመኛ አይመጣም ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ ወሎ ውስጥ የምትሰማውን እሷም ትሰማለች። «አብሽሪ፣ ምንም ቢመጣ አብረንሽ ነን» በቂ ነው።

ፊልሙን እንደገና እንድታይ አታስገድዷት፤ ፍጻሜውን ግን ንገሯት። የፍጡራኑን ድክመት የምታገኘው መስማት የተሳናት የቤቱ ልጅ ናት፣ በጆሮዋ መሣሪያ። አባትየው እንደሚሞት ከጠየቀች አትዋሿት። እሱን ሆኖ የሠራው ጆን ክራሲንስኪ ፊልሙን ያዘጋጀው ራሱ እንደሆነ፣ እናትየዋ ኤሚሊ ብላንትም የእውነት ሚስቱ እንደሆነች ንገሯት።

ለጊዜው እናንተ ክፍል ትተኛ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ አልጋዋ መልሷት። ባልሽን መውቀሱን ተዪው። እሱም ጓዳው ውስጥ ነበር። «ትረሳዋለች» የሚለው ራሱ መርሳት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ሲተኙ ቀስ ብለሽ ጠይቂው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከወር በላይ እንቅልፍ ካጣች፣ ትምህርት ካቃታት ወይም ሌሊት ሽንት ማምለጥ ከጀመራት፣ ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዷት። ለባለሙያው ስትናገሩ ከፊልሙ በፊት የ2014ቱን አስቀድሙ።