ወደ ጃፓን ለምትሄዱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጃፓን የሚወስዳትን የትምህርት ዕድል አግኝታ ልትሰናበተኝ መጣች። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በሙሉ የውጭ እንግዳ ሲቀበሉና ሲሸኙ ነው የኖሩት፤ ለሰዎቹ ምን ይዤላቸው ብሄድ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ቡና ያዢላቸዋ!» ብዬ በአጭሩ መለስኩላት። ከወጣች በኋላ ግን መልሴ እኔኑ አላረካኝም። ሠላሳ ዓመት ገደማ የባህል ልዑካንን ሲያጅብና በፕሮቶኮል ሥራ ሲደክም የኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ የሚናገረው ሊኖር ይገባል ብዬ ስላሰብኩ፣ ለእርሷም፣ እንደ እርሷ ሻንጣቸውን ለሚያሰናዱ ሁሉም ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ምክር የሚጀምረው ከጀብዱው ነው፤ እኔ ግን ከስሕተቴ ልጀምር። ከአንድ የባህል ቡድን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቶኪዮ ስንሄድ ለጋባዣችን የሚሰጠውን ስጦታ የመምረጥ ኃላፊነት የወደቀው በእኔ ላይ ነበር። ጥሩ ጀበና ከነማቶቱ ገዛሁ፤ አራት ሲኒም ጨመርኩበት። በደንቡ ስድስት መሆን የነበረበት ሲኒ አራት የሆነው ሻንጣው አልበቃ ስላለኝ ብቻ ነው። ጋባዣችን ዕድሜያቸው የገፋ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ስጦታውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ እጅ ነሥተው፣ ሳይፈቱት በክብር ወደ ጎን አኖሩት። እኔም ልቤ ሞላ፤ እናቴ ያሳደገችኝ ልክ እንደዚያ ነውና። ስጦታ በአንድ እጅ አይቀበሉም፣ በሰጪው ፊትም አይፈቱም። ጉዱ የተሰማው በማግሥቱ ነው። ከእነርሱ ወገን የነበረው አስተርጓሚ ወደ ዳር ወስዶ በትሕትና እንደነገረኝ፣ በጃፓንኛ አራት ቁጥር «ሺ» ይባላል፤ «ሞት» የሚለውም ቃል ድምፁ ያው «ሺ» ነው፤ ስለዚህ በአራት የተቆጠረ ዕቃ ለወዳጅ አይሰጥም። እኛ ዘንድ «ሺ» የምርቃት ቃል ነው፤ ሽማግሌ «ሺ ዓመት ያኑርህ» ይልበታል። እኔም ባለማወቅ ለአንድ አዛውንት፣ ያውም በገዛ ቤታቸው፣ ሞትን በጀበና አጅቤ አበረከትኩላቸው። ሰውየው በኋላ ስቀው አለፉት እንጂ፣ እኔ እስከ ዛሬ ስኒ በቆጠርኩ ቁጥር ያንን ቀን አስታውሳለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ ጥፋቱ በአንዲት ጥያቄ ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ብጠይቅ ኖሮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የወዳጅነት ጉብኝትን የማየው እንደ ብድር ነው። ጋባዡ ጊዜውን፣ ቤቱን፣ ማዕዱንና ምስጢሩን ያበድራችኋል። ብድሩን የሚመልስ እንግዳ ወዳጅ ይሆናል፤ የማይመልሰው ግን ፎቶግራፉ አልበም ውስጥ ይቀራል እንጂ ስሙ ይረሳል።

ይህን ብድር በመመለስ ረገድ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሚበልጥ ምሳሌ አላገኘሁም። በኅዳር 1923 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ፤ በሚቀጥለው ሐምሌ የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት በብዙ የተከተለ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሲደርሱ ቤተ መንግሥቱንም፣ ፋብሪካውንም፣ ትምህርት ቤቱንም ጎበኙ። ይህንን ማንም መልእክተኛ ያደርገዋል። እርሳቸው ግን ሲመለሱ ያዩትን ጽፈው፣ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው በዚያው ዓመት አሳተሙት፤ መጽሐፉም ብዙ ሳይቆይ ወደ ጃፓንኛ ተተረጎመ። ልብ በሉ፤ እንግዳው የጋባዡን ቤት ለራሱ ወገን አስረዳ፤ ጋባዡም እንግዳው እንዴት አድርጎ እንዳየው በገዛ ቋንቋው አነበበ። በሥራ ዘመኔ በጣም ብዙ የጉዞ ሪፖርት አንብቤአለሁ፤ አብዛኛው «ጉብኝቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ከማለት አያልፍም ነበር። እኔ የጻፍኳቸውም ከዚያ የተሻሉ ነበሩ ለማለት አልደፍርም።

ይሁን እንጂ ወዳጅነት ከአቅሙ በላይ እንዲሸከም አትጠብቁበት። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን የጃፓን ሕዝብ ልቡ ከእኛ ጋር ነበር፤ መልእክተኛችን ዳባ ብሩ እርዳታ ለመጠየቅ ወደ ቶኪዮ በሄዱ ጊዜ ሕዝቡ በክብር ተቀብሏቸዋል። መንግሥቱ ግን የራሱን ጥቅም አሰላ፤ በ1929 ዓ.ም. የጣሊያንን ይዞታ ተቀበለ፣ ጣሊያንም በበኩሏ ጃፓን ከቻይና በያዘችው በማንቹሪያ ጉዳይ ለጃፓን የሚስማማውን አደረገች። ከንጉሠ ነገሥታችን ወደዚያ ተልከው በቶኪዮ የኡዌኖ መካነ እንስሳት የኖሩት አንበሶች እንኳ በ1935 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሲከፋ፣ በመንግሥት ትእዛዝ ከሌሎቹ አራዊት ጋር ተገደሉ። ይህን የማነሣው ቂም እንድትይዙ አይደለም። ዛሬም በየአዳራሹ «ዘመናት የማይሽሩት ወዳጅነት» የሚል ንግግር ስትሰሙ፣ ሕዝብ የሚወድደውና መንግሥት የሚያሰላው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ዐውቃችሁ እንድትቀመጡ ነው። የሚያስደንቀኝ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላም ግንኙነቱ እንደገና መነሣቱ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ሲጎበኙ ከጦርነቱ ወዲህ አገሪቱ በመንግሥት እንግድነት የተቀበለቻቸው የመጀመሪያው ርእሰ ብሔር ነበሩ። ልዑል አልጋ ወራሽ አኪሂቶና ባለቤታቸው ልዕልት ሚቺኮም በኅዳር 1953 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው ጉብኝቱን መለሱ። የታኅሣሥ ግርግር የደረሰው ከዚያ በኋላ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው።

ከነገሥታቱ ይልቅ በጃፓኖች ልብ የቀረው ግን አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲያሸንፍ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ ሆኖት ነበር፤ ይህም ሆኖ የሩጫውን መስመር ካለፈ በኋላ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሁለተኛው ሰው ገና አልደረሰም። ሦስተኛ የወጣው የእነርሱ ሰው ቱቡራያ ስለ ነበር፣ የዚያ ቀን ትዝታ ለእነርሱ የደስታም የቁጭትም ነው። በጉዞዎቼ የአበበን ስም ያላወቀ በዕድሜ የገፋ ጃፓናዊ አጋጥሞኝ አያውቅም። ታክሲ ነጂው፣ ሻይ ቤት ያለችው እመቤት፣ «ኢትዮጵያ» ስትሏቸው «አበበ!» ይሏችኋል። እናንተ ደግሞ «አዎን፣ አበበ» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ «ቱቡራያስ?» ብላችሁ መልሱላቸው። ያን ጊዜ የሚበራውን ፊት ታያላችሁ።

ስለ ቡናችንም ይጠይቋችኋል። በጃፓን ቡና ቤቶች የኢትዮጵያን ቡና ብዙ ጊዜ «ሞካ» ተብሎ ከሲዳሞ ወይም ከሐረር ስም ጋር ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሞካ የየመን ወደብ ስም መሆኑን፣ ቡናችን በዚያ በኩል ያልፍ እንደነበር በለዘበ ቃል ንገሯቸው፤ ለክርክር አትቸኩሉ። ቶኪዮ ከገባችሁ ወደ ካትሱሺካ ክፍለ ከተማ ብቅ በሉ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ስለ ኑሮው ከማንኛውም መመሪያ የበለጠ የሚነግሯችሁ እነርሱ ናቸው።

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልምጣ። በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. አሥራ ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተካሄደው በኪዮቶ ነው። ጃፓኖች ይህን ጉባኤ ያስተናገዱት ለይስሙላ አልነበረም። ፕሮፌሰር ካትሱዮሺ ፉኩይ በኦሞ ሸለቆ ቦዲዎች ዘንድ ተቀምጠው፣ ሕዝቡ የከብቱን ቀለምና ዝንጉርጉርነት እንዴት ለይቶ እንደሚሰይም አጥንተዋል፤ ፕሮፌሰር ማሳዮሺ ሺጌታ ደግሞ በአሪ ምድር እንሰትን፣ የአበቃቀሉንና የዝርያውን ዓይነት ከገበሬው እግር ሥር ሆነው ተምረዋል። ከእኛ መካከል በአንዲት የጃፓን መንደር ዓመት ተቀምጦ ስለ ሩዝ ማሳዋ ወይም ስለ ከብቷ በአማርኛ የጻፈልን ማን ነው? «ካይዘን» (ሥራን ያለማቋረጥ ማሻሻል) የሚለውን ቃል በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ጽፈነዋል፤ ቃሉ ስለተወለደበት የሠራተኛ ሕይወት ግን ብዙም አልጻፍንም። ብድሩ በእኛ ላይ ነው። ከእናንተ መካከል ለምሕንድስናም ሆነ ለጤና ትምህርት የሚሄድ ቢኖር፣ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጎን አንዲት ደብተር ይያዝ፤ የተከራየበትን ሰፈር፣ የቆሻሻ አጣጣላቸውን ደንብ፣ የአዛውንቶቹን ጠባይ፣ ያኮረፉበትንና የሳቁበትን ምክንያት ከነቀኑ ይጻፍበት። ኅሩይ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ወደ እኛ የሚመጡትን ስለ መቀበልም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ተራው አንድ ቀን ይደርሳችኋልና። አንድ ጊዜ ከጃፓን የመጡ የባህል እንግዶችን ወደ አንዲት እናት ቤት ወሰድን። የእኛው መሥሪያ ቤት ያወጣው ፕሮግራም «የቡና ሥነ ሥርዓት፣ 20 ደቂቃ» ይላል። እኒህ እናት ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ዕጣን አጭሰው፣ ቡናውን በብረት ምጣድ ቆልተው ጢሱን ለእያንዳንዱ እንግዳ አስሸተቱ። ጀበናው እስኪፈላ 20 ደቂቃው አለቀ። እኔ በሰዓቴ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ አቦሉ እንደተጠጣ እንግዶቹን አስነሣሁ። እናታችን ጀበናውን ይዘው እንደቆሙ፣ «ምነው ልጄ፣ ቶናው ሳይደርስ? በረካውንስ ጥላችሁብኝ ልትሄዱ ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። መኪና ውስጥ ከእንግዶቹ አንዷ፣ በአገራቸው የሻይ ሥነ ሥርዓት የሚያስተምሩ ሴት ወይዘሮ፣ «እኒያ እናት ለምን ፊታቸው ከፋ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሦስቱ ሲኒ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ የእነርሱ ሙሉ የሻይ ግብዣ አራት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ፣ እንግዳ መካከል ላይ ቢነሣ እርሳቸውም እንደሚያዝኑ አወጉኝ። በማግሥቱ ማታ፣ ዕረፍት በተሰጣቸው ሰዓት፣ ያለ ካሜራና ያለ አጃቢ ወደዚያው ቤት እንድወስዳቸው ለመኑኝ። ሁለቱ ሴቶች በምልክትና በሳቅ እየተግባቡ እስከ በረካ ተቀመጡ፤ ለአስተርጓሚነት እንኳ ብዙም አልፈለጉኝም። ካስተናገድኳቸው ጉብኝቶች ሁሉ ተሳክቷል ብዬ የማምንበት ይህ በፕሮግራሙ ላይ ያልነበረው ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ስታወጡ ንግግሩን አሳጥሩ፤ ለቡናው ሁለት ሰዓት መድቡለት።

የጎረቤቴ ልጅ ሆይ፣ ለጥያቄሽ የዘገየው መልሴ ይኸው። ቡናውን ያዢ፤ ጀበናውንም ከነማቶቱ ያዢ። ስድስቱን ሲኒ ግዢና አምስቱን ይዘሽ ሂጂ፤ እነርሱ የማዕድ ዕቃቸውን በአምስት መቁጠር ልማዳቸው ነው። ስድስተኛዋን እኔ ዘንድ ተያት፤ ስትመለሺ ትጠጪባታለሽ።