መልስ፦ ላሟ ድና ባክቴሪያው ለምን አልጠፋም?
ሐረር ያለችው የእናትህ ላም ከመዥገር በሽታ ድና ሳለ፣ ሐኪሙ "ተዋሲው አሁንም ደሟ ውስጥ አለ" ማለቱ ግራ ገብቶህ ጠይቀሃል። ልክ ነው። ተዋሲው አናፕላዝማ ማርጂናሌ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይኖራል። እንደ ፈረንጆቹ በ2005 የታተመው ጂኖሙ (ሙሉ የዘር መረጃው) 1.2 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ነው፤ ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ሩብ ያህል።

ጉዱ ያለው ልብሱ ላይ ነው። ኤምኤስፒ-2 የተባለውን የላይኛውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂኖሙ ላይ ካለች አንዲት ቦታ ብቻ ነው። ሌላው የጂኖሙ ክፍል ውስጥ ግን ብቻቸውን የማይሠሩ የዚሁ ጂን ቁርጥራጭ ቅጂዎች ተበትነዋል። ከእነሱ እየቀዳ እዚያችው ቦታ ላይ ይጥፋል፣ ልክ መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ እንዳሉት ልብስ ሰፊዎች። የላሟ ሰውነት አንዱን ልብስ ለይቶ ፀረ እንግዳ አካል እስኪያመርት እሱ ሌላ ለብሷል!

ስለዚህ ጤነኛ ብትመስልም መዥገሯን መልቀም እንዳትተዉ፤ ተዋሲው በመዥገር በኩል ለጎረቤት ከብት ይተርፋል።