መልስ፦ ፖርሽ 911 ቸርችል ዳገት ላይ «ካምቢዮ ሞቋል» እያለ ያስጠነቅቀኛል

ዳገቱ ላይ መኪናውን በነዳጅ ይዘህ አትቁም። ፒዲኬ የሚባለው የፖርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጡ ሁለት ፍሪሲዮን አለው፤ ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ነዳጅ ነካ ነካ እያደረግህ ስትንፏቀቅ ፍሪሲዮኑ ሳይዝ ይንሸራተታል። ዘይቱን የሚያሞቀው እሱ ነው።

ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ቁም፣ ፍሪሲዮኑ ይለቃል። ከፊትህ ሁለት መኪና የሚያህል ቦታ ሲከፈት ብቻ በአንዴ ተነሳ። ሚኒባስ ይገባብሃል፤ ይግባ፣ የፍሪሲዮን ዋጋ ይብሳል።

ማስጠንቀቂያው ከበራ ዳር ይዘህ ፒ ላይ አድርገው። ሞተሩን ግን አታጥፋ፤ የካምቢዮውን ዘይት የሚያቀዘቅዘው የሞተሩ ውሃ ስለሆነ መዞር አለበት።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ራዲያተሮቹ ከፊት መከላከያው ጀርባ ግራና ቀኝ ናቸው፣ ቅጠልና ፌስታል ይሰበስባሉ። በእጅ ልቀም። የላቫጆ ኃይለኛ ውሃ በቅርብ ካገኛቸው ስስ ክንፎቻቸው ይጣመማሉ፣ አየርም አያሳልፉም።