መልስ፦ የሱቁን ዳታ ከሱቅ ውጭ በምን እናስቀምጥ?

ሰላም ወንድሜ። በፒችትሪ (በሂሳብ መያዣው ፕሮግራም) የያዝከውን ሂሳብና ስካን ያደረግካቸውን ደረሰኞች ከሱቅ ውጭ ለማስቀመጥ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚደረስበት ማስቀመጫ) ይሻላል ወይስ ሃርድ ዲስክ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ብሆን ሥራውን ለሁለቱ አካፍለው ነበር።

ለፒችትሪው ክላውድ ይሻላል። የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ፋይሉ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ጎግል ድራይቭ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለጊዜው ይበቃሃል። ግን የፒችትሪን ፎልደር በቀጥታ ሲንክ (በራሱ ወደ ክላውድ እንዲገለበጥ) እንዳታደርገው! ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ፋይሉ ከተገለበጠ ሊበላሽ ይችላል። ማታ ሁሉም ከፕሮግራሙ ሲወጣ፣ ከራሱ ከፒችትሪ ባክአፕ አውጣና ያንን ጫን። ስሙ ላይ ቀኑን ጻፍበት፤ የትናንቱ ላይ አትደርብበት። ስህተት የሚታወቀው አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ ነው።

ስካኖቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። 100 ጊጋባይት ከሞሉ፣ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን ኢንተርኔት ያለማቋረጥ 45 ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። መብራት ሲሄድ ደግሞ አስበው። ለእነሱ ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዛ። አንዱ ሁልጊዜ ቤት ይሁን፤ በየሳምንቱ ቀያይራቸው። ኮፒው እንዳለቀ ንቀለው፤ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ከገባ የተሰካውንም አይምርም። ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ በቢትሎከር (በራሱ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ቆልፈው፤ ታክሲ ውስጥ ቢረሳም የደንበኞችህ መረጃ የማንም መጫወቻ አይሆንም። የመክፈቻ ቁጥሩን ግን እዚያው ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዳትተወው።

በወር አንዴ ደግሞ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሪስቶር አድርግና (መልሰህ ጫንና) የአንድ ደንበኛ ቀሪ ሂሳብ ልክ መሆኑን አመሳክር።