እናቴን የፈወሰ አምላክ ባሌ ላይ ለምን ዝም አለ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ወንድሜ። አምዱን ሁሌ አነባለሁ፣ ግን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጅ እያለሁ እናቴ በጠና ታማ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ብለው ነበር፣ ቤተሰቡ ጾሞ ጸልዮ ተነሳች፣ ይኸው ዛሬም አለች። እኔ በዛ ምስክርነት ነው ያደግኩት። አሁን ባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቱ ስራ አቁሞ በሳምንት 3 ጊዜ እጥበት ይገባል። የሚጠጣው ውሃ ሳይቀር ተለክቶ ነው፣ ሲጠማው ከንፈሩን በጥጥ አረጥብለታለሁ። ክንዱ ላይ ለእጥበቱ ሁለት የደም ሥር አገናኝተው የሰሩለት ፊስቱላ አለ፣ እጅ ሲያደርጉበት ደሙ ሲያልፍ ይነዝራል፣ ማታ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው እየሰራ መሆኑን ለማየት እጄን አደርግበትና እዛው እጸልያለሁ። ለእናቴ የተጸለየው ምን ነበር እያልኩ ያንኑ ቃል ሁሉ እደግማለሁ። ምንም የለም።

የጸሎት ግሩፓችን ውስጥ ሁሉም የሚሰሙት አንድ ወንድም አለ፣ ሊጠይቀን መጥቶ «እግዚአብሔር አይለወጥም፣ ትናንት ከፈወሰ ዛሬም ይፈውሳል፣ ካልሆነ የተለወጣችሁት እናንተ ናችሁ» አለን። በዛ አላበቃም፣ እምነታችሁን በስራ ለማሳየት እጥበቱን አንድ ሳምንት አቁሙና እዩ ብሎናል። ባሌ ደሞ ማሽኑ ሰልችቶታል፣ «እንሞክረው እንዴ?» ይለኛል። እኔ ፈራሁ፣ መፍራቴም እምነት ማጣት መሰለኝ። የእግዚአብሔር ኃይል ካልተለወጠ የተለወጠው ምንድነው? እኔ ነኝ?

ግራ የገባት እህት

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እጥበቱ አይቆምም። አንድ ሳምንት አይደለም፣ አንድ ቀጠሮም አይታለፍም። ኩላሊቱ የማያስወጣው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ደም ውስጥ ሲጠራቀም ልብ በድንገት ሊያቆም ይችላል፣ ፈሳሹ ደሞ ሳንባ ላይ ይወጣና ትንፋሽ ያሳጣል። አንቺ የፈራሽው ትክክለኛ ነገር ስለሆነ ነው። ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ያለውም ጥቅስ ጠቅሶ ነበር እኮ፣ ያውም ከመዝሙር፣ ጌታ ግን «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። ወንድማችንን ሰይጣን ነው እያልኩ አይደለም (እንዳትነግሪው ብቻ)፣ ምክሩ ግን ያው ዝለል ነው።

ንጉሥ ሕዝቅያስን አስቢው። ታሞ ትሞታለህ ተባለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፣ እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከተነገረ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ ምን አለ መሰለሽ፣ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እባጩ ላይ አድርጉለት። ቃሉን ያመጣው ሰው ራሱ ነው መድኃኒቱን ያዘዘው፣ ማንም ደሞ ኢሳይያስን እምነት የለህም አላለውም።

አሁን ወደ «አይለወጥም» ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋር ነው አንቺን የጎዱሽ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ሚልክያስ 3፥6 «እኔ እግዚአብሔር አልለወጥም» ይልና እዛ ላይ አይቆምም፣ «ስለዚህ እናንተ የያዕቆብ ልጆች ሆይ፣ አልጠፋችሁም» ይላል። ይህ የሚነገረው ላጠፋ ሕዝብ ነው፣ ምህረቱ ስላልተለወጠ ነው የተረፉት። አንዴ ያደረገውን ለሁሉም በዛው መልክ እደግማለሁ የሚል ቃል እዛ የለም፣ ይባስ ብሎ ካልደገምኩ ጥፋቱ የናንተ ነው የሚልማ ከየት እንደመጣ እኔ እንጃ።

የሐዋርያት ሥራ 12ን ዛሬ ማታ አንብቢው፣ ከባልሽ ጋር ቢሆን ደስ ይለኛል። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለቀ፣ ሐተታ የለም። ቀጥሎ ጴጥሮስን አሰረው፣ መልአክ መጥቶ ሰንሰለቱ ከእጁ ወደቀ። ሁለቱም ሐዋርያት ናቸው፣ ሁለቱም ከጌታ ጋር ደብረ ታቦር የወጡ። ያዕቆብ እምነት አንሶት ነው የሚል አንድም ቃል አታገኚም። የጴጥሮስ ወገኖችስ እምነት በጣም ትልቅ ነበር እንዴ? ሌሊቱን ሲጸልዩለት አድረው በሩን ሲያንኳኳ ሮዳ የምትባል ልጅ ድምፁን ለይታ በደስታ መክፈቱን ረስታ እየሮጠች ተመለሰች፣ እነሱም አብደሻል አሏት። የጸለዩለት ሰው በር ላይ ቆሞ አላመኑም፣ ግን ወጥቷል። የእግዚአብሔር እጅ በኛ እምነት ልክ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ ጴጥሮስ እዛው በቀረ ነበር።

ጳውሎስንም እይው። በኤፌሶን ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ ሕመምተኞችን ይፈውስ ነበር፣ በመጨረሻው መልእክቱ ግን «ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት» ይላል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)። ያው ጳውሎስ፣ ያው አምላክ። ለምን አልፈወሰውም? አልተጻፈም። እኔም ባልሽ ለምን እንዳልዳነ እነግርሻለሁ ብል ውሸቴን ነው፣ የሚነግርሽ ሰው ከመጣም አትስሚው።

እናትሽን ያዳነው ኃይል ዛሬም ሙሉ ነው፣ ለባልሽም ፈውስ መለመንሽን አታቁሚ፣ በድፍረት ለምኚ። ቃል ለቃል መድገሙን ግን ተዪው፣ እናትሽ የዳነችው በቃላቱ አሰካክ አይደለም። ደግሞ ከተቆጣሽም ለእሱው ንገሪው። መዝሙረኛው አሳፍ በመዝሙር 77 (ግዕዙ ዳዊት ላይ 76 ነው) ቸርነቱን ረሳ ወይ፣ ለዘላለም ጣለን ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ በዳዊት ውስጥ እንዳለ ቀርቷል፣ ማንም አላስወጣውም። መልስም አላገኘም፣ ባሕሩን የከፈለውን አምላክ እያስታወሰ ዱካህ አልታወቀም ይላል። አንቺም እናትሽን እያስታወስሽ እንደዛ ማለት ትችያለሽ።

ባልሽ «እንሞክረው» የሚለው እውነት የእምነት ጉዳይ ይሁን ድካም ቁጭ ብለሽ ጠይቂው፣ እኔ ድካም ይመስለኛል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ የሚገርም አይደለም፣ ለሐኪሙ ይንገር፣ ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላም ካልጠየቃችሁ ጠይቁ።

ለዛ ወንድም ደሞ ብዙ ክርክር አያስፈልግሽም። ስለ እጥበቱ የሚወስነው ሐኪሙና ባለቤቴ ነው በይው፣ ሊጸልይለት ከፈለገ ግን በእጥበቱ ቀን አብሮት ይሂድና ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጸልይለት፣ 4 ሰዓት ያህል ጊዜ አለው።