ባዮጋዝ፣ አተላና የፋብሪካ ፍሳሽ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ወገን። ኮምቦልቻ ሆኜ ባዮጋዝ ላይ እሠራለሁ፤ እበትና ፍሳሽ አየር በሌለበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚወጣው የሚነድ ጋዝ ማለት ነው። የቻልኩትን ልመልስ።

«ጋሼ፣ ደሴ ሆጤ ነን። ጉድጓዳችን በብርዱ ወራት ሻይ እንኳ በቅጡ አያፈላም። ቆላ ያሉት ዘመዶቻችን ተመሳሳዩን አሠርተው እያነደዱ ነው። ምን ጎድሎን ነው?»

ሙቀት። ሚቴንን፣ ማለትም የሚነደውን ጋዝ፣ የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በደንብ የሚሠሩት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ15 በታች ሲሆን ይለግማሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሹራብ የምታወልቁት 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትሉ ነው። ጉድጓዱም እንደ እናንተው ይበርደዋል። አናቱን አፈር አልብሱት፣ ዙሪያውን ፍግ ከምሩበት፤ ፍጉ ሲብላላ ይሞቃል። መበጥበጫውን ውሃ በጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ አውሉት፤ ለአንድ ባልዲ እበት አንድ ባልዲ ውሃ። ጋዙ ቀነሰ ብላችሁ ግን እበት አታብዙበት። አሲዱ ይጠራቀምና ያሉትንም ያዳክማል።

«አተላና የጫት ገረባስ?»

አተላ ግሩም ነው፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ከእበት ጋር። ቶሎ ይኮመጥጣል። የገረባው ቅጠል ይሁን፤ እንጨቱን ግን ተሕዋስያኑ አይበሉትም፣ ቱቦ ይደፍንባችኋል።

«በሁለት ላም እንጀራ ይጋገራል?»

ወጥ ይሠራል። 1 ኪሎ ትኩስ እበት ከ30 እስከ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል። በቀን 20 ኪሎ ብትሰበስቡ አንዱን ምድጃ ሁለት ሰዓት ያህል ያነዳል። ምጣድ ሰፊ እሳት ስለሚፈልግ ተራው ምድጃ አይበቃውም።

«ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርደው የፋብሪካ ፍሳሽ ጋዝ አይሆንም?»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የቢራ ፍሳሽ ስኳርና ስታርች ስላለበት ለባክቴሪያ ድግስ ነው። ፍሳሹን ከታች ወደ ላይ በባክቴሪያ ዝቃጭ ውስጥ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ ሆላንዳዊው ሌቲንጋ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠርቶታል፤ ዛሬ በብዙ አገር የቢራ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። ውሃውም ይጣራል፣ ጋዙም ለቦይለር ይሆናል። የቆዳ ፋብሪካውን ፍሳሽ ግን አትቀላቅሉበት፤ ክሮሙና ሰልፋይዱ ባክቴሪያውን ይጎዳል።

«መምህር፣ ከጋዝ ሌላ ኬሚካል ይወጣል የሚሉት እውነት ነው?»

እውነት ነው። ሚቴን የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ከሱ በፊት አሴቲክና ቡቲሪክ አሲድ ይፈጠራሉ። እዚያ ላይ ካስቆማችሁት ምርታችሁ አሲድ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ይሠራሉ፤ ከሱ ፕላስቲክ ይሠራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለጥይት ባሩድ የሚሆን አሴቶን ኬሚስቱ ቫይዝማን ባገኘው ባክቴሪያ ከበቆሎ አውጥተዋል። ችግሩ ማምረቱ አይደለም፣ ከውሃው መለየቱ ነው፤ ወጪው እዚያ ነው። በጓሮ የሚሞከር አይደለም።

«ኤሌክትሪክስ በቀጥታ?»

ባክቴሪያ በቀጥታ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ ፖተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1911 (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል። ባክቴሪያው ካለበት ከአንዱ ማሰሮ የሚገኘው ግን ከ1 ቮልት በታች ነው። ስልካችሁን በመብራት ኃይል ቻርጅ አድርጉ።

«ጋዙ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ምድጃውንም በላው።»

ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ከብረት ሠሪ ቤት የዛገ የብረት ፍቅፋቂ አምጡና ቱቦው መሐል በጣሳ አስገቡ፤ ሲጠቁር ቀይሩት። ስትከፍቱት ቫልቩን ዝጉ፣ እሳት አታቅርቡ፤ ፍቅፋቂው አየር ሲያገኝ ይግላልና ደጅ አስጡት።