መልስ፦ የብርሃን ፍጥነት ገደብ የሲሙሌሽን ምልክት ነው ወይ?

ወንድሜ፣ የብርሃን ፍጥነት ጣሪያ ያለው የምንኖረው ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የተሰራ አስመሳይ ዓለም) ውስጥ ስለሆነ ነው ወይ ላልከው፣ እኔ አይመስለኝም። በሰከንድ 299,792,458 ሜትር የሚባል ገደብ አለ እሺ፣ ግን ዓለማችንን እንደ ኮምፒውተር ጌም ብታስባት፣ የማሽኑ ፕሮሰሰር ሲጨናነቅ የሚዘገየው ጌሙ በሙሉ ነው፣ ውስጥ ያለው ካራክተር ሰዓቱም አብሮ ስለሚዘገይ ምንም አይታወቀውም፣ ስለዚህ የማሽኑ አቅም ማነስ ከውስጥ ሆነህ የፍጥነት ገደብ ሆኖ የሚታይህ አይደለም።

እንደውም በጣም የሚገርመኝ ኳንተም መካኒክስ (የአተምና ከዚያ ያነሱ ነገሮች የሚመሩበት ህግ) ነው። በተራ ኮምፒውተር ላስላው ብትል አንድ ፓርቲክል (ጥቃቅን ቅንጣት) በጨመርክ ቁጥር የምትፈልገው ሜሞሪ እጥፍ ይሆናል፣ ሁለት ሁለት አማራጭ ብቻ ያላቸው 300 ፓርቲክሎች ሙሉ ሁኔታቸውን ለመያዝ የሚያስፈልገው የቁጥር ብዛት በምናየው ዩኒቨርስ ውስጥ አለ ተብሎ ከሚገመተው አተም ሁሉ ይበልጣል! ሜሞሪ መቆጠብ የሚፈልግ ፕሮግራመር እንዲህ አይነት ህግ ይመርጣል ብዬ አላምንም።

ግን ሀሳቡ ባዶ ወሬ ነው እያልኩ አይደለም፣ በ2012 ቢን፣ ዳቮዲና ሳቬጅ የሚባሉ ፊዚሲስቶች ስፔስ በፍርግርግ የተሰራ ከሆነ እጅግ ከፍተኛ ኢነርጂ ያላቸው ኮስሚክ ሬዮች (ከህዋ የሚመጡ ፓርቲክሎች) አቅጣጫ ላይ ምልክቱ ሊታይ ይችላል ብለው በስሌት አሳይተዋል፣ እስካሁን ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልተገኘም።